ሣር ማጨጃ በአምስተኛው ዓመቱ ይመዘን፤ ለአንድ ምክር የተሰጠ ምላሽ

በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ቤት ለገዙ ወገኖቻችን ምክር ይሆናል ተብሎ የተጻፈ ጽሑፍ ሰሞኑን ከሰው ወደ ሰው ሲተላለፍ እኔም ዘንድ ደረሰ። የሚያወራው ስለ ሣር ማጨጃ ማሽን ነው። የጸሐፊው ሐሳብ ሲጠቃለል ይህን ይመስላል። የማሽኑ ዕድሜ ሦስት ወይም አራት ዓመት ነው። ገበያ ላይ ያሉት ሁሉ ሞተራቸው አንድ ስለሆነ ስም መምረጥ ገንዘብ ማባከን ነው። በመደብሩ ገጽ ላይ ብዙ ኮከብ ያገኘውን ርካሽ ማሽን መግዛት፣ ሲበላሽ ጥሎ ሌላ መግዛት ይበቃል። ዘይት መቀየርና ቢላ መሳል ትርፍ ድካም ነው። ባትሪ መጥቶ ከዚህ ሁሉ ጣጣ ገላግሎናል፤ ቤንዚኑም በሕግ እየታገደ ስለሆነ ዛሬ የቤንዚን ማሽን የሚገዛ ሰው ተሳስቷል። አሮጌ ማሽንማ ጨርሶ አይነካም። በመሃል ስለ መያዣው ምሳሪያ የሰጡት አንድ ምክርም አለ፤ እሱን ለብቻው እመለስበታለሁ።

ጽሑፉ በቅን ልቦና እንደተጻፈ አልጠራጠርም። አንዳንዱ ነገርም እውነት አለው። ይሁን እንጂ ምክሩን እንዳለ ተቀብሎ የሚሠራ ሰው በየሦስት ዓመቱ አዲስ ማሽን እየገዛ፣ በአንዱም ሳይደሰት እንደሚኖር ስለማምን ዝም ማለት አልቻልኩም። ለአብዛኞቻችን ሣር ማጨጃ ቤት በተገዛ ማግስት በግድ የሚገዛ ዕቃ ነው። በፌርፋክስ ካውንቲ ከግማሽ ኤከር ባነሰ ቦታ ላይ ሣሩ ከ12 ኢንች ካለፈ ደንብ መተላለፍ ነው። የቤት ባለቤቶች ማኅበር ባለበት ሠፈር ደግሞ የማስጠንቀቂያው ደብዳቤ ከዚያም ቀድሞ ይመጣል። ቅዳሜ ቅዳሜ በጋራዤ የወዳጅ ዘመድ ማሽን እጠግናለሁ። ሳምንቱን ሙሉ የሌሊት ፈረቃ ሲሠራ የከረመ አባወራ ያቺን አንዷን የዕረፍት ቀኑን የማይነሣ ማሽን ገመድ ሲስብ ሲውል ማየት ያሳዝነኛል። ይህን የምጽፈውም ለእሱ ነው።

መጀመሪያ የዕድሜውን ነገር እንይ። ማሽኑ በሦስት በአራት ዓመት ያልቃል የሚለው አባባል ብዙ ሰው የሚገጥመውን ይነግረናል፤ ምክንያቱን ግን አይነግረንም። በእኛ አካባቢ ሣር የሚታጨደው ከመጋቢት መጨረሻ ጀምሮ እስከ ኅዳር መግቢያ ነው። ሩብ ኤከር ያህል ግቢ ያለው ሰው በየሳምንቱ ከአርባ ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት ቢያጭድ፣ ሞተሩ በዓመት የሚሠራው ከ20 እስከ 30 ሰዓት ገደማ ነው። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት እነዚህ አነስተኛ ሞተሮች የጭስ ልኬታቸውን ጠብቀው መሥራት ያለባቸውን ጊዜ 125፣ 250 ወይም 500 ሰዓት ብሎ መድቦታል፤ ምድቡም ሞተሩ ላይ በተለጠፈው ጽሑፍ ይገኛል። ይህ የጭስ ጉዳይ እንጂ የሞተሩ መሞቻ ቀን አይደለም። ያም ሆኖ ዝቅተኛው ምድብ እንኳ በዚህ አጠቃቀም ከአራት እስከ ስድስት ዓመት ይወስዳል። መካከለኛው ከስምንት እስከ አሥራ ሁለት ዓመት ነው። ታዲያ በሦስተኛው ዓመት ለቆሻሻ መኪና መንገድ ዳር የሚወጡት ማሽኖች ምን ነካቸው? ከፈታኋቸው ውስጥ የአብዛኞቹ ፒስተንም ሲሊንደርም ደህና ነበር። የተበላሸው ቤንዚንና አየር ቀላቅሎ ለሞተሩ የሚያቀብለው ካርቡሬተር ነው፤ ያበላሸው ደግሞ አሮጌ ቤንዚን ነው።

ጸሐፊው ስለ ቤንዚን አንድ መስመር አልጻፉም። ለእኔ የጽሑፉ ትልቁ ጉድለት ይህ ነው። እዚህ አገር ከማደያ የምንቀዳው ቤንዚን በአብዛኛው እስከ 10 በመቶ ኢታኖል ተቀላቅሎበታል። ኢታኖል ከአየር እርጥበት ይስባል። መኪናችን የተሞላለትን ቤንዚን በሳምንት በሁለት ሳምንት ስለሚጨርሰው ችግሩ አይሰማንም። ሣር ማጨጃው ግን ያንኑ ቤንዚን በሆዱ ይዞ ከኅዳር እስከ መጋቢት ይቆማል። በዚህ ጊዜ ቀለል ያለው የቤንዚን ክፍል ይተንና የቀረው ወደ ሙጫነት ይለወጣል። የገባው እርጥበት ሲበዛም ኢታኖሉ ከነውኃው ከቤንዚኑ ተለይቶ ወደ ታች ይዘቅጣል። አምራቾች በመመሪያቸው ላይ ቤንዚኑ ከ30 ቀን በላይ የሚቆይ ከሆነ ማቆያ ፈሳሽ ጨምሩበት የሚሉት በዚህ የተነሣ ነው።

ነገሩን በዓይኑ ማየት የሚፈልግ ሰው የማይነሣ ማሽኑን ያቅርብና የካርቡሬተሩን ጽዋ ይፍታ። በብዙዎቹ ማሽኖች ጽዋውን የያዘው አንድ ቡሎን ብቻ ነው። ቡሎኑ ተፈትቶ ጽዋው ሲወርድ ወለሉ ላይ ነጭና አረንጓዴ ዝቃጭ ተጋግሮ ይገኛል፤ ሽታው የቤንዚን ሳይሆን የቆየ ቀለም ሽታ ነው። ከካርቡሬተሩ መሃል የምትወርድ አንዲት የናስ ቱቦ አለች፤ ጫፏ ላይ የልብስ መርፌ እንኳ በግድ የምታስገባ ቀዳዳ ትታያለች። ሞተሩ ሥራ ላይ ሆኖ የሚጠጣው ቤንዚን የሚያልፈው በዚያች ቀዳዳ ነው። ቱቦዋን ወደ ብርሃን አንሥታችሁ ማዶውን ካላሳየቻችሁ፣ ገመዱን እስከ ማታ ብትስቡት ማሽኑ አይነሣም፤ ቢነሣም ሁለት ጊዜ ሳል ብሎ ይጠፋል። ከኤሌክትሪክ ገመድ ውስጥ አንድ ቀጭን የመዳብ ክር መዝዞ ቀዳዳዋን መክፈት፣ የካርቡሬተር ማጽጃ መርጨት፣ ጽዋውን ጠርጎ መልሶ መግጠም ነው። ባለቤቱ ሞተር ሞተብኝ ብሎ ሊጥለው የነበረው ማሽን ከዚህ በኋላ በመጀመሪያው ወይም በሁለተኛው ስበት ይነሣል። ሰውየው በዚያች ደቂቃ ፊቱ ላይ የሚታየው ደስታ እኔን ቅዳሜዬን እንድሰጥ የሚያደርገኝ ነው።

ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉ፣ መከላከያው ከጥገናው ይቀልላል። በዓመቱ የመጨረሻ አጨዳ ላይ ማቆያውን ከአዲስ ቤንዚን ጋር ቀላቅሎ ሞተሩን አሥር ደቂቃ ያህል ማሠራት ይቻላል፤ ካልሆነም ታንከሩን አድርቆ ሞተሩ በራሱ እስኪጠፋ መተው ነው። በማደያም ጥንቃቄ ያስፈልጋል። 15 በመቶ ኢታኖል ያለበትና ብዙ ጊዜ 88 በሚል ቁጥር የሚሸጠው ቤንዚን ዋጋው ትንሽ ስለሚቀንስ ያማልላል። መቅጃው ላይ ያለው ብርቱካናማ ማስጠንቀቂያ ግን ለእንዲህ ዓይነት ማሽን እንዳይጠቀሙበት በግልጽ ይናገራል።

ወደ ዘይቱ ስመጣ፣ ጸሐፊው ዘመናዊ ሞተር ዘይት መቀየር አያስፈልገውም ያሉት ከምን ተነሥተው እንደሆነ ይገባኛል። የሞተር አምራቹ ብሪግስ ኤንድ ስትራተን ዘይቱ እየታየ ሲጎድል ብቻ የሚጨመርበት፣ የማይቀየርበት ሞተር ለገበያ አቅርቧል። ይህ ግን የተወሰነ የሞተር ዓይነት ነው። የአንዱን መመሪያ ወስዶ ለሁሉም ማወጅ የሰው ንብረት ማጥፋት ነው። የሚገፉት ማሽኖች ሞተር የሚቀዘቅዘው በአየር ስለሆነ በበጋው ሙቀት ዘይቱን ክፉኛ ያሞቀዋል፤ አብዛኞቹ የዘይት ፊልትሮም የላቸውም። ሞተሩ ውስጥ የሚገባው ዘይት ግማሽ ሊትር ገደማ ብቻ ነው። አዲስ ሞተር ሲላመድ የሚያራግፈው የብረት ብናኝ በዚያች ግማሽ ሊትር ውስጥ ይሽከረከራል። ብዙ መመሪያዎች የመጀመሪያውን ዘይት ከአምስት ሰዓት ሥራ በኋላ፣ ቀጣዩን በየ50 ሰዓቱ ወይም በዓመት አንድ ጊዜ ቀይሩ የሚሉት ያለ ምክንያት አይደለም። ጥገና ቤት መውሰድ ከርካሽ ማሽን ዋጋ ጋር ይቀራረባል ያሉት ግን ልክ ነው። ይህን ሥራ ማንም ሰው ግቢው ውስጥ ሊሠራው ይችላል፤ ማሽኑ ሲጋደም ካርቡሬተሩና የአየር ፊልትሮው ወደ ላይ መሆናቸውን ብቻ ይጠብቅ። አለዚያ ዘይቱ ፊልትሮውን ያበሰብሰዋል፤ ማሽኑም ሲነሣ ሠፈሩን በጭስ ይሞላል።

ቢላ መሳል ትርፍ ድካም ነው ለሚለው መልሱ ሣሩ ላይ ይነበባል። ከታጨደ በኋላ ባሉት ቀናት የሣሩ ጫፍ ቡናማ ሆኖ ግቢው ሁሉ የደረቀ የሚመስለው ቢላው ስለደነዘ ነው። የደነዘ ቢላ ሣሩን አይቆርጠውም፣ ይተለትለዋል። ባለቤቱ ግን ማሽኑ ኃይል የለውም፣ ጥሩ አያጭድም ብሎ ያማርራል፤ ሌላም ይገዛል። በየ25 ሰዓቱ፣ ማለትም በዓመት አንድ ጊዜ፣ የካንዴላውን ሽቦ ነቅሎ ቢላውን መፍታትና በሞረድ መሳል በቂ ነው። ከተሳለ በኋላ መሃል ቀዳዳውን በምስማር ላይ ሰቅሎ ሚዛኑን ማየት ይገባል። አንዱ ጎን ካጋደለ በዚያው ጎን ትንሽ መሞረድ ነው። ሚዛኑ የተዛባ ቢላ ማሽኑን በሙሉ ያንቀጠቅጣል፤ ቡሎኑን ያላላል፣ የሞተሩን ዋና ዘንግ ማረፊያ ይበላል።

ስለ ቢላ ከተነሣ አይቀር አንድ ነገር ላክል፤ ጸሐፊው የመጣያ ጊዜ ምልክት ብለው ከጠቀሷቸው አንዱ ነውና። ማሽኑ የዛፍ ሥር ወይም ድንጋይ መትቶ ቀጥ ካለ በኋላ አልነሣ ካለ፣ ወይም ገመዱ እጅን መልሶ የሚመነጭቅ ከሆነ፣ ሞተሩ አልቋል ብለዋል። አንዳንድ ጊዜ ዘንጉ በእርግጥ ይጎብጣል፤ ያን ጊዜ ምክራቸው ልክ ነው። በብዙው ግን የተጎዳችው ከሞተሩ አናት ላይ ያለውን ከባድ ጎማ መሰል ብረት ከዘንጉ ጋር የምታያይዘው ትንሽ ቁራጭ ናት። ከጣት ጥፍር ብዙም የማትበልጥ ለስላሳ ብረት ናት። ግጭቱ ሲመጣ በእሷ ላይ ያርፍና ትቆረጣለች ወይም ትጎብጣለች። ሁለት ሚሊ ሜትር ያህል ስትሸሽ የካንዴላው እሳት ያለ ሰዓቱ ይመጣል፤ ሞተሩ አልነሣ ይላል ወይም ወደ ኋላ ይራገጣል። ዋጋዋ ጥቂት ዶላር ነው። በእሷ ምክንያት ስንት ደህና ማሽን ወደ ቆሻሻ እንደሚሄድ ሳስብ ይቆጨኛል። መጀመሪያ መታየት ያለበት ቢላው ሲዞር ጫፎቹ እኩል ቁመት ላይ መሆናቸው ነው፤ እኩል ከሆኑና ዘንጉ ካልተወዛወዘ ያቺን ቁራጭ መፈተሽ ይገባል።

ሁሉም ሞተሩ አንድ ስለሆነ ስም መምረጥ አያስፈልግም የሚለውን ግማሹን እቀበላለሁ። አንድ ሞተር በቀይም በአረንጓዴም ማሽን ላይ ተገጥሞ ይሸጣል። ስም ራሱም ከባለቤት ወደ ባለቤት ይዞራል። ክራፍትስማን ለረጅም ዘመን የሲርስ መደብር ስም ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2017 ስታንሊ ብላክ ኤንድ ዴከር ገዛው። ብሪግስ ኤንድ ስትራተን፣ እ.ኤ.አ. በ1908 የተመሠረተው የሚልዋኪው ኩባንያ፣ በ2020 የኪሣራ ከለላ ጠይቆ ለሌላ ባለቤት ተላልፏል። ሆንዳ ደግሞ በባለቤቶቹ ዘንድ የተመሰገነ ማሽን ይዞ በ2023 የሣር ማጨጃ ምርቱን አቁሟል። ስለዚህ አጎቴ በ1990ዎቹ የገዛው ክራፍትስማን ሃያ ዓመት አገለገለው ብሎ ዛሬ በዚያው ስም መግዛት ዋስትና አይሆንም። እስከዚህ ድረስ ከጸሐፊው ጋር እስማማለሁ።

ከሞተሩ ውጭ ያለውን ግን አላዩትም። ባለቤቱ በአራተኛው በአምስተኛው ዓመት የሚረካው ወይም የሚማረረው በአብዛኛው እዚያ ላይ ነው። ርካሹ ማሽን የጎማዎቹ መዞሪያ ፕላስቲክ ይሆንና ሲበላ ጎማው ይወላገዳል፤ ሻል ያለው ኩሽኔታ አለው። ቢላውን የሚሸፍነው ብረት ስስ ከሆነ፣ እርጥብ ሣር ከሥሩ ተለጥፎ እየከረመ ዝገት ይበሳዋል። በራሱ የሚሄደው ማሽን በፊት ጎማ የሚጎተት ከሆነ፣ ከኋላ ያለው ከረጢት ሲሞላ የፊቱ ይቀልልና ዳገት ላይ ጎማው በባዶ ይሽከረከራል። በሲልቨር ስፕሪንግና በአሌክሳንድሪያ ግቢው ተዳፋት የሆነ ቤት ብዙ ስለሆነ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። በኋላ ጎማ የሚገፋው ዋጋው ይጨምራል፤ ግን ያጭዳል። ከሁሉም በላይ ግን ቺንጋ፣ ገመድና የአየር ፊልትሮ ከአምስት ዓመት በኋላ ይገኛሉ ወይ የሚለው ጥያቄ አለ። ከመግዛቱ በፊት የሞዴሉን ቁጥር ይዞ የመለዋወጫ ዝርዝሩን መፈለግ የአንድ ምሽት ሥራ ነው፤ ዝርዝሩ ካልተገኘ ማሽኑን መተው ነው።

ስለ ኮከቦቹ ብዙ አልልም። መደብሩ ገጽ ላይ ያለው አስተያየት አብዛኛው የሚጻፈው ማሽኑ ከካርቶን በወጣ ሰሞን ነው። በቀላሉ ተገጣጠመ፣ ቶሎ ደረሰ፣ ያምራል ይላል። አዲስ ቢላ፣ አዲስ ዘይትና አዲስ ቤንዚን ያለው ማሽን ሁሉ ያጭዳል። ዕቃ እየፈተሸ ለሸማቾች የሚጽፈው ኮንሱመር ሪፖርትስ አባላቱን ጠይቆ ስለ ሣር ማጨጃዎች ሲጽፍ የብልሽቱን ነገርና የባለቤቱን እርካታ ለያይቶ ያቀርባል፤ ይህ አካሄድ ትክክል ነው። ሁለቱ አንድ አይደሉምና። ከባድና ጩኸታም ሆኖ የማይበላሽ ማሽን አለ፤ ባለቤቱ ግን ዳግመኛ አይገዛውም። ጎረቤትን መጠየቅ የሚሻለው ለዚህ ነው፤ ጥያቄውም ማሽኑን ትወደዋለህ ወይ ሳይሆን ስንት ዓመት ሆነው፣ ምን ቀየርክለት፣ ዛሬ ብትገዛ ያንኑ ትገዛለህ ወይ ሊሆን ይገባል።

አሁን ወደዚያ ምክር ልመለስ። ጸሐፊው ከመያዣው ጋር ተጨምቆ መያዝ ያለበት ምሳሪያ ሰውን የሚያሰለች ስለሆነ በገመድ ይታሰር፣ ብዙዎች የሚያማርሩት በእሱ ነው ብለዋል። እባካችሁ ይህን ማንም አያድርግ። እየተገፋ የሚሠራ ማጨጃ መያዣው ሲለቀቅ ቢላው በ3 ሰከንድ ውስጥ እንዲቆም የሚያስገድደው የአሜሪካ የደኅንነት ደንብ ከእ.ኤ.አ. 1982 ጀምሮ የጸና ነው። የመጣውም የሰው ጣትና እግር እየተቆረጠ ስለነበር ነው። ምሳሪያው የታሰረበት ማሽን አዳልጦት የወደቀ ሰው እግር ላይ ሲሄድ የሚያቆመው ነገር የለም። ልጆች በሚሮጡበት ግቢ ይህን መምከር አይገባም ነበር። ጸሐፊው ጽሑፉን የማረም ዕድል ካላቸው ከሁሉ በፊት ይህቺን መስመር እንዲያወጧት በትሕትና እለምናቸዋለሁ። ለመልቀምና ለማቀናት በየጊዜው የሚቆም ሰው ምሳሪያው በእውነት ካስቸገረው፣ ሞተሩ ሳይጠፋ ቢላው ብቻ የሚቆምባቸው ማሽኖች አሉ፤ ዋጋቸው ከፍ ይላል እንጂ ችግሩን በትክክል ይፈታሉ።

ባትሪው ላይ ጸሐፊው የጻፉትን ምስጋና አብዛኛውን እጋራለሁ። ለአነስተኛ ግቢ፣ በተለይ ለተያያዙ ቤቶች፣ የባትሪ ማሽን ጥሩ ነው። ድምፁ ዝቅ ያለ ነው፤ ካርቡሬተር የለውም፤ ገመድ መሳብ የሚያቅታቸው እናቶችና አባቶች በአንድ ቁልፍ ያስነሡታል። ነገር ግን ጣጣው ሁሉ አለቀ ማለት ሌላ ነው። የቤንዚኑ ማሽን ጣጣ ካርቡሬተሩ ላይ እንደሆነ ሁሉ የዚህኛው ባትሪው ላይ ነው። ጸሐፊው አምስት ዓመት ዋስትና አለው ሲሉ ያልለዩት ነገር አለ። ለምሳሌ የባትሪ ማሽን አምራቹ ኢጎ ለቤት አገልግሎት የሚሰጠው ዋስትና ለማሽኑ አምስት፣ ለባትሪው ሦስት ዓመት ነው። ትልቁ ባትሪ ለብቻው ሲገዛ ደግሞ ማሽኑና ባትሪው አብረው ከተሸጡበት ዋጋ ከግማሽ በላይ ሊሆን ይችላል። አራተኛው ዓመት ላይ ባትሪው ሲደክም ባለቤቱ የሚገጥመው ሒሳብ ይህ ነው፤ የአንዱ አምራች ባትሪ ለሌላው ማሽን ስለማይሆን ምርጫም የለውም።

ባትሪውም ቢሆን እንክብካቤ ይፈልጋል። የሊቲየም ባትሪን የሚያስረጀው ሙቀትና ሙሉ ቻርጅ ሆኖ ለረጅም ጊዜ መቆየት ነው። በሐምሌ ጋራዥ ውስጥ ወይም መኪና ዕቃ መጫኛ ውስጥ መተው፣ በብርዱ ወራት ሞልቶ ማስቀመጥ ዕድሜውን ይቆርጣል። ግማሽ ያህል ኃይል ይዞ፣ ቤት ውስጥ፣ ቀዝቀዝ ያለ ደረቅ ቦታ ይቀመጥ። ከዜሮ ዲግሪ ሴልሺየስ በታች በሆነ ቅዝቃዜ ቻርጅ አይደረግ። አንዳንዱ ባትሪ ሳይሠራ ሲቆይ ኃይሉን በራሱ ዝቅ እንዲያደርግ ተደርጎ የተሠራው በዚሁ ምክንያት ነው። የሚሠራበት ጊዜም እንደ ሣሩ ይለያያል። በካርቶኑ ላይ የተጻፈው ደቂቃ ሚያዝያ መጨረሻ ላይ ዝናብ የጠገበና የረዘመ ሣር ሲገጥመው በጣም ይቀንሳል። በዚህ አካባቢ የተለመደው ፌስኪው ሣር ከ3 እስከ 4 ኢንች ቁመት ቢተውለት ጤናማ ነው፤ በአንድ ጊዜም ከቁመቱ ከአንድ ሦስተኛ በላይ ባይቆረጥ ይመረጣል። ይህን የጠበቀ ሰው ባትሪውም አያጥርበትም፣ ሣሩም አይቃጠልበትም።

የሕጉ ጉዳይ ደግሞ ተምታትቷል። የካሊፎርኒያ ሕግ እ.ኤ.አ. በ2021 ተፈርሞ ከ2024 ጀምሮ የሚመለከተው አዲስ የሚመረቱ አነስተኛ የቤንዚን ሞተሮችን ሽያጭ ነው፤ ሰው እጁ ላይ ያለውን ማሽን መጠቀሙን አይከለክልም። በእኛ አካባቢ የታገደው ሣር ማጨጃ ሳይሆን በቤንዚን የሚሠራው ቅጠል መንፊያ ነው፤ በዋሽንግተን ዲሲ ከ2022 መጀመሪያ፣ በሞንትጎመሪ ካውንቲ ደግሞ ከሐምሌ 2025 ጀምሮ መጠቀም አይቻልም። ጽሑፉን አንብቦ ደህና የቤንዚን ማጨጃውን በጥድፊያ በርካሽ ሊሸጥ ያሰበ ሰው ስለሰማሁ ነው ይህን በግልጽ የምጽፈው።

ተቀምጠው የሚነዱት ማሽን የበለጠ ያስደስታል ለተባለው አጭር መልስ አለኝ። ግማሽ ኤከርና ከዚያ በላይ ለጥ ያለ ሜዳ ላለው ሰው እውነት ነው። በርካሾቹ የሚገጠመው ካምቢዮ ግን ለቀላል ሥራ የተሠራ ነው፤ ዳገት ላይ ዘይቱ ሲሞቅ ጉልበቱ ይከዳል፣ ብዙውም ለጥገና ተብሎ የተሠራ አይደለም። አምራቾች ከ15 ዲግሪ በላይ በሆነ ተዳፋት ላይ አትንዱ ይላሉ፤ ተገልብጦ ሰው ይገድላልና። ለሩብ ኤከር ይህን መግዛት አያስፈልግም።

የቀረው አሮጌ ማሽን አይነካም የሚለው ነው። እኔ ግን ገንዘብ ለሚያጥረው ሰው ከአዲስ ርካሽ ማሽን ይልቅ በደንብ የተያዘ አሮጌ መካከለኛ ማሽን እመርጥለታለሁ። ጥሩው ጊዜ ጥቅምትና ኅዳር ነው፤ ሰው ጋራዡን ለበረዶው ወራት ሲያጸዳ ዋጋው ይወርዳል። ሲታይ እንዲህ ይደረግ። የዘይት መለኪያው ይወጣና ይታይ፤ ዘይቱ ጠቁሮ ከወፈረ ባለቤቱ ቀይሮለት አያውቅም። የካንዴላው ሽቦ ተነቅሎ፣ ማሽኑ በትክክለኛው ጎን ተጋድሞ ሥሩ ይታይ፤ ዝገቱ ብረቱን በስቶት ከሆነ መተው ነው። ቢላው በእጅ ቀስ ተብሎ ይዙር፤ ከተወዛወዘ ዘንጉ ጎብጧልና አይገዛ። ከዚያ ሞተሩ ቀዝቃዛ ሆኖ ይነሣ፤ ሻጩ አስቀድሞ አሙቆት ከጠበቀ ቆይቶ ሌላ ቀን መመለስ ነው። በመጨረሻም ያለፈውን ብርድ ቤንዚኑን ምን አድርጎት እንደነበር ይጠየቅ። እዚያው ታንከር ውስጥ ከረመ ካለ፣ የአዲስ ካርቡሬተር ዋጋ ከሚጠይቀው ላይ ይቀነስ።